አንዲት እናት 12 ጊዜ ተቆጠሩ፦ የጉባኤያችንን የፍትሕ ሥራ በምን እንለካው?

ጸሐፊዋ

ሰላም ለሁላችሁ። እንዴት ከረማችሁ?

ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ። በቤተ ክርስቲያናችን የማኅበራዊ ፍትሕ ክፍል ጸሐፊ ነኝ። ደመወዝ የለውም፤ በፈቃደኝነት ነው የማገለግለው። አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ክፍላችን ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው የቆየው ነው። ለተቸገሩ ቤተሰቦች በየወሩ አስቤዛ እንሰጣለን፤ የቤት ኪራይም እንደጉማለን። ሁለተኛውን የጀመርነው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ደመወዛቸው የተያዘባቸው የጽዳትና የቤት ሠራተኞች ወደ እኛ መምጣት ጀመሩ። አብረናቸው ወደ አሠሪያቸው እንሄዳለን። ደብዳቤ እንጽፋለን። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ከምእመናኑ መካከል ሁለት ጠበቆች በነጻ ይቆሙላቸዋል።

አሁን የገጠመኝ ነገር ይኸውላችሁ። የዓመቱን ሪፖርት ላቀርብ ነው። ሽማግሌዎቻችን ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ሰው ረዳችሁ?» ባለፈው ዓመት 214 ብዬ አቀረብኩ። ጉባኤው አጨበጨበ። ዘንድሮ ከመደመሬ በፊት የአምናውን እስቲ እንደገና ልየው ብዬ ደብተሩን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ደብተሩ ትልቅ ነው፤ ጠርዙ ተበልቷል። በየወሩ የተቀበለ ሰው ከስሙ ትይዩ ይፈርማል። መጻፍ የማይችል በጣቱ ይፈርማል። ገጹን ስገልጥ አንድ አሻራ ዓይኔን ያዘው። አውራ ጣቱ መሐል ጠባሳ አለ፤ አሻራውን ከላይ እስከ ታች ለሁለት ይከፍለዋል። ወደሚቀጥለው ወር ገለጥኩ፤ አለ። ደግሞ ገለጥኩ፤ አለ። 12 ወር፣ 12 አሻራ፣ ያው ጠባሳ። የአንዲት እናት ጣት ነው። በእኔ ሪፖርት ላይ ግን 12 ሰው ሆነዋል።

ሁሉንም እንደ አዲስ ለየሁ። 214ቱ «ሰዎች» 31 ቤተሰብ ሆነው ወጡ። አልዋሸሁም፤ 214 ጊዜ እርዳታ ሰጥተናል። ጉባኤው የሰማው ግን ሌላ ነው። ያጨበጨበውም ለሌላ ነው። ከሁሉ የከበደኝ ደግሞ ይኼ ነው፦ እኚያ እናት በመጀመሪያው ወር የነበሩበትና በ12ኛው ወር ያሉበት ቦታ አንድ ነው። ኑሯቸው ምን ተለወጠ? ደብተሩ ላይ መልስ የለም።

የደመወዙ ሥራ ደግሞ ተቃራኒው ነው። በዓመቱ ውስጥ የያዝነው የዘጠኝ ሠራተኞችን ጉዳይ ብቻ ነው። አራቱ ሙሉ ደመወዛቸውን አገኙ። ሁለቱ ግማሹን አገኙ። ሦስቱ እስካሁን ምንም አላገኙም። ዘጠኝን ከ214 ጎን ስታስቀምጡት ኮሰስ ይላል። አንዱ ሽማግሌያችን በቅን ልብ «ታዲያ ይኼን ትተን ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ላይ ብናተኩርስ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

የገንዘቡንም ልናገር። ከመደበኛው አስራትና መባ ምንም አይመደብልንም። በወሩ የመጨረሻ እሑድ ሁለተኛ ሙዳይ ይዞራል፤ ያ ነው ገንዘባችን። ስብከቱ ልብ ከነካ ይሞላል። ዝናብ ከጣለ ይጎድላል። በዓል ሲሆን ይትረፈረፋል፣ ከዚያ ሦስት ወር ጭር ይላል። ኪራይ ግን ወር ጠብቆ ይመጣል። አንድ ከውጭ ያለ ድርጅት ልርዳችሁ ብሎናል። የሚሰጠው ለአስቤዛው ብቻ ነው። በየሦስት ወሩ «የተጠቃሚዎች ብዛት» ከነፎቶው ይፈልጋል። ለደመወዙ ሥራ የሚሆን ገንዘብ የለኝም ብሏል።

እንዲህ ያለ ሥራ ያላችሁ ሰዎች፣ ገንዘቡን ከየትና እንዴት ታመጣላችሁ? ሥራውንስ በምን ትለካላችሁ? ስብሰባው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

አሮጌው ኦዲተር

ልጄ፣ የራስሽን ሪፖርት ተጠራጥረሽ ደብተሩን መልሰሽ መግለጥሽን በጣም ወድጄዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሒሳብ ስመረምር ኖሬያለሁ። ይህን የሚያደርግ ብዙ አላየሁም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የጉባኤያችንን ሒሳብ በነጻ አያለሁ፤ ስለዚህ ስለ ገንዘቡ ልናገር፤ መለኪያውን ለሚያውቁት እተወዋለሁ።

ሁለተኛ ሙዳይ ብቻውን የፍትሕ ሥራ አይሸከምም። ለድንገተኛ ችግር ጥሩ ነው። ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ሲታመም ሙዳዩ ይዙር። ኪራይና ክስ ግን ቋሚ ገንዘብ ይፈልጋሉ። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች ሲያሰባስብ የቆሮንቶስን ሰዎች «እኔ ስመጣ ታዋጣላችሁ» አላላቸውም። በየሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን እያንዳንዱ እንደ ገቢው መጠን ለብቻው ያስቀምጥ አለ። እሱ ሲደርስ መዋጮ እንዲጀመር አልፈለገም። 1ኛ ቆሮንቶስ 16 ላይ ታገኚዋለሽ። እንግዲህ በዚያ መንፈስ፣ ከመደበኛው ገቢ በመቶኛ ይመደብላችሁ። መጠኑን ከፍ ለማድረግ ብዙ አትሟገቺ። ትንሽም ቢሆን ሳያቋርጥ መምጣቱ ይሻላል። አንድ ነገር ግን አጥብቀሽ ያዢ፦ ውሳኔው ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሁን። ደመወዟን የተነጠቀች ሴት ይዛችሁ ፍርድ ቤት ከገባችሁ በኋላ «ገንዘብ አለቀ» ብትሏት ጭራሽ ካለመጀመራችሁ የከፋ ነው። ያን ጊዜ አሠሪዋም እናንተም አንድ ላይ ጥላችኋታል።

ሌላው፣ ሒሳቡ ለብቻው ይሁን። ሰው ለችግረኛ ብሎ የሰጠው ገንዘብ ለጣሪያ ጥገና አይሂድ። አንድ ጉባኤ ሒሳብ ስመረምር የድሆች ሒሳብ ወረቀቱ ላይ ሞልቷል። ባንክ ስንጠይቅ ባዶ ሆኖ ተገኘ። የሰረቀ የለም። አንዴ ለመብራት፣ አንዴ ለድምፅ ማጉያ፣ «ለጊዜው ነው፣ ይመለሳል» እየተባለ ተወስዷል። አልተመለሰም። ገንዘብ ያዡ ሽማግሌ ሰው ነበሩ፤ ፊቴ እንባቸው መጣ። የማይነካ የተለየ ሒሳብ ቢኖር ኖሮ እኚያ ሰው ለዚያ ቀን አይደርሱም ነበር።

የሚቆጥሩት ደግሞ ሁለት ይሁኑ፣ ዝምድና የሌላቸው። 2ኛ ነገሥት 12ን አንብቢው። በንጉሡ በኢዮአስ ዘመን ካህናቱ ገንዘቡን ይቀበላሉ፤ ቤተ መቅደሱ ግን እስከ 23ኛው የንግሥናው ዓመት ሳይጠገን ቆየ። ኋላ ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን አምጥቶ መክደኛው ላይ ቀዳዳ አበጀ። ሣጥኑ ሲሞላ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህኑ አብረው ይቆጥሩ ነበር። አንዱ ከቤተ መንግሥት፣ አንዱ ከመቅደስ። ጳውሎስም ያን መዋጮ ብቻውን ተሸክሞ አልሄደም። አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮት ተጓዘ። ምክንያቱንም አልደበቀም፤ በዚህ ገንዘብ ነገር ማንም እንዳይነቅፈን ነው ይላል።

የውጭውን ድርጅት ገንዘብ አትግፉት። ግን ከአንድ ሰጪ የሚመጣው ከጠቅላላው ከሩብ አይለፍ። ይህ ከራሴ ልምድ ያወጣሁት ልክ ነው። ካለፈ ሥራችሁን የሚመርጥላችሁ ሰጪው ይሆናል።

ዘካ ኮሚቴ

እህቴ ሰላም። እኔ ሙስሊም ነኝ። በመስጂዳችን የዘካ ኮሚቴ ውስጥ አገለግላለሁ። ጥያቄሽን ሳነብ የራሳችን ስብሰባ መሰለኝ።

በእኛ ዘንድ የዘካ መጠኑም ተቀባዩም ተወስኗል። ኒሷብ (ዘካ ግዴታ የሚሆንበት ዝቅተኛ የሀብት መጠን) የሞላና ዓመት የዞረበት ገንዘብ ከሆነ ከመቶ 2.5 ይወጣል። ተቀባዮቹ በቁርኣን፣ በሱረቱ አት-ተውባ 60ኛው አንቀጽ ላይ ተዘርዝረዋል፤ ስምንት ናቸው። ድሃና ችግረኛ አሉበት። በዕዳ የተያዘ አለ። ከባርነት ነጻ የሚወጣ አለ። መንገደኛ አለ። እስቲ ልብ በይ፣ ዕዳ መክፈልና ባሪያ ነጻ ማውጣት የዛሬን ጉሮሮ ከመዝጋት ያለፈ ነገር ነው። ሰውየው የታሰረበትን ገመድ መፍታት ነው። ያንቺ የደመወዝ ሥራ ለእኔ ከዚህኛው ወገን ነው።

ከስምንቱ ውስጥ ሰው የማያስተውለው አንድ አለ፦ ዘካውን የሚሰበስቡና የሚያከፋፍሉ ሠራተኞች። ሥራው ራሱ ወጪ እንዳለው ከመነሻው ታውቋል ማለት ነው። እኛ ለብዙ ጊዜ «ለሥራ ማስኬጃ ምንም አናወጣም» እያልን እንኮራ ነበር። መዝገብ የሚይዝ ሰው አልነበረንም። ሁለቴ የወሰደ ነበር፤ ስሙ ተረስቶ ጭራሽ ያላገኘም ነበር። አሁን አንዲት ልጅ በግማሽ ቀን ቀጥረናል። ደመወዟን የሚቃወሙ ነበሩ። በሦስተኛው ወር ተረስተው የነበሩ ስድስት ቤቶችን አገኘችልን። ከዚያ ወዲህ የተቃወመ የለም። አንቺም ስትመድቢ የራሳችሁን ወጪ አትደብቂው፤ በግልጽ አስቀምጪው።

ሌላው ወቅፍ ነው። የነቢዩ ባልደረባ ዑመር ኸይበር በሚባል ቦታ መሬት አግኝተው ምን ላድርገው ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቁ፣ ዋናውን አስቀርቶ ፍሬውን መስጠት ነው የተመከሩት። መሬቱ አይሸጥም፣ አይወረስም፤ የሚያፈራው ግን ለድሃው ይሄዳል። ጉባኤያችሁ የሚያከራየው አዳራሽ ወይም ክፍል ካለው፣ የእሱ ገቢ ለዚህ ሥራ ብቻ ቢታሰርስ? ያን ጊዜ ዝናቡም በዓሉም አያስጨንቅሽም።

ስለ ፎቶው አንድ ቃል ብቻ። ቁርኣን ምጽዋትን በግልጽ መስጠትን አይነቅፍም፤ ደብቆ ለድሃ መስጠት ግን ይበልጣል ይላል። እኛ ፎቶ ማንሳት አቁመናል።

መዝገቡ ላይ የነበርኩ

እኔ የምጽፈው ከወዲያኛው ወገን ነው። አራት ዓመት በአንድ ጉባኤ የእርዳታ መዝገብ ላይ ነበርኩ። ባለቤቴ ሲሞት ሦስት ልጆች በእጄ ቀሩ። የጉባኤውን ስም አልጠራም። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ልጆቼ ጦም ያላደሩት በእነሱ ነው፤ ይኼን አልክድም።

ግን እህቴ፣ ቁጥሩ ውስጥ ሆኖ መኖር ምን እንደሚመስል ልንገርሽ።

የምንቀበለው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሰልፉ ከግቢው በር ወጥቶ መንገዱ ላይ ይደርሳል። ትልቁ ልጄ አሥር ዓመት ሲሞላው አብሮኝ መምጣት አቆመ። ለምን ስለው ዝም። በኋላ ገባኝ፤ አስቤዛውን የምታድለን ሴት የክፍል ጓደኛው እናት ናት። ከዚያ በኋላ ከረጢቱን ብቻዬን እሸከማለሁ። ሻርፔን ግንባሬ ድረስ ሳብ አድርጌ እቆማለሁ። ስደርስ «ቁጥርሽ?» እባላለሁ። 37 ነበርኩ። አራት ዓመት ሙሉ ቁጥሬን የጠየቀኝ እንጂ ምን እንደሚያስፈልገኝ የጠየቀኝ አልነበረም።

አንድ ቀን አዲስ የመጣች ልጅ ጠየቀችኝ። ከሰልፉ ነጥላ፣ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። የባለቤቴ ጡረታ እንዳልተፈቀደልኝ ነገርኳት። የጎደለው አንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱን የሚሰጠው ቢሮ ስድስት ጊዜ «ነገ ነይ» ብሎ መልሶኛል። ልጅቷ አብራኝ ሄደች። ምንም አልተጣላችም። አጠገቤ ተቀምጣ ደብተር አወጣች፤ ያነጋገረንን ሰው ስም ጠይቃ ጻፈች፤ ቀኑን ጻፈች፤ «መቼ እንመለስ?» ብላ መልሱንም ጻፈች። በሁለተኛው ሄደን ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ሰልፉ ላይ አልቆምኩም።

በዚያ ዓመት ሪፖርት ላይ የእኔ ነገር አልተነሳም። የተረጂው ቁጥር ስለቀነሰ ክፍሉ የደከመ መስሏቸው ልጅቷ ተወቀሰች። ይኼ እስካሁን ይቆጨኛል። እኔን ያወጣችኝ እሷ ናት።

ስለዚህ የወጣውን ሰው ቁጠሩ። ግን ተጠንቀቂ፤ ከመዝገብ የጠፋ ሁሉ አልተሻለውም። ጎረቤቴ አፍራ ነው የቀረችው። ልጆቿን ለዘመድ በትና ነበር፤ ማንም ሄዶ አላያትም። የቀረውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ኮሚቴያችሁ ውስጥ ከመዝገቡ ላይ የሆነ ሰው አለ?

ጸሐፊዋ

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሦስቴ አነበብኩት። ኮሚቴው ውስጥ ሰባት ነን። ከመዝገቡ አንድም ሰው የለም። ለአምስት ዓመት ሐሳቡ እንኳ መጥቶልኝ አያውቅም። ይቅርታ አድርጊልኝ።

አሮጌው ኦዲተር

ልጄ፣ ይኼ ነገር ጥንት የተፈታ ነው። የሐዋርያት ሥራ 6 ላይ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ «መበለቶቻችን በየዕለቱ እርዳታ ይረሳሉ» ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያቱ ማጉረምረሙን አልተቆጡም። ሰባት ሰው ምረጡ አሉ። የተመረጡትን ስም እይው፦ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስሞች ናቸው። እኔ እንደማነበው ማዕዱን ለቅሬታ አቅራቢዎቹ ወገን አስረከቡ። እናንተም ሰባት ናችሁ። ሁለቱን ቦታ ልቀቁ።

ለካው

ሥራዬ ክትትልና ግምገማ ነው። እዚህ ቤት የተጻፈው ብዙ ባለሙያ በስብሰባ ከሚናገረው ይበልጣል፤ ስለዚህ የጎደለ የመሰለኝን ብቻ ልጨምር።

የሰጣችሁት ነገርና የመጣው ለውጥ ለየቅል ናቸው። 214 የሰጣችሁት ነው። እሱም ይጻፍ፤ ገንዘቡ የት ሄደ ለሚለው መልስ ነው። «ምን ተለወጠ?» ለሚለው ግን ሌላ መዝገብ ያስፈልጋል። እሱም የሚጀምረው መጀመሪያ ቀን ላይ ነው። ሰውየው ሲመጣ የት ነበር? የስንት ወር ኪራይ አለበት? ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው ወይ? ይህ ካልተጻፈ በዓመቱ መጨረሻ ምንም ማለት አይቻልም። በቁጥር መታለል ደግሞ የእናንተ ብቻ ችግር አይደለም። በእንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ በቻርልስ ጉድሃርት ስም የሚጠራ ሐሳብ አለ፤ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1975 የጻፉት ነው። ባጭሩ፣ አንድ መለኪያ ራሱ ግብ ሲሆን መለኪያነቱ ይበላሻል። «ብዙ ሰው» ግብ ከሆነ፣ እዚሁ እንደተነገረን፣ ሰው ከችግር ማውጣት ያስወቅሳል።

አሁን ወደ ዘጠኙ ልምጣ። ሽማግሌው ላሉሽ ነገር አንድ ታሪክ ንገሪያቸው፤ የሞንጎመሪን።

በአሜሪካ አላባማ፣ በሞንጎመሪ ከተማ፣ ጥቁሮች በዘር ተለይቶ መቀመጥን ተቃውመው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 5 ቀን 1955 አውቶቡስ መሳፈር አቆሙ። 381 ቀን ቆየ። ስብሰባው በየቤተ ክርስቲያኑ ነበር፤ ገንዘቡም የሚሰበሰበው እዚያው ነው። ሰው ሥራ ቦታው እንዲደርስ የራሳቸውን የመኪና ስምሪት አደራጁ። በአብያተ ክርስቲያናት ስም የተመዘገቡ መኪናዎችም ተሰማሩ። ጆርጂያ ጊልሞር የሚባሉ ወጥ ቤት የነበሩ ሴት ደግሞ ሌሎች ሴቶችን አስተባብረው ኬክና ምግብ እየሸጡ ገንዘቡን ለንቅናቄው ያስገቡ ነበር። ማኅበራቸውን «ከየትም ያልመጣ ክበብ» አሉት። የሰጪው ስም ከታወቀ ከሥራ ሊባረር ይችላል። ስለዚህ ገንዘቡ ከየት መጣ ሲባል «ከየትም» ነው መልሱ። መጠኑን ግን በስብሰባው ላይ ቆመው ይናገሩ ነበር። ምን ያህል እንደገባ ሁሉም ያውቃል፤ ማን እንደሰጠ አይታወቅም። የእናንተንም ተረጂዎች እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። ሥራው ይነገር፣ ስምና ፊታቸው ይቅር።

መለኪያቸውስ? ማንም በመንገድ ዳር ቆሞ የሚያየው ነው። አውቶቡሱ ባዶ ነው ወይስ አይደለም? ከዚያም ሕጉ ተለወጠ ወይስ አልተለወጠም? እ.ኤ.አ. ኅዳር 13 ቀን 1956 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአውቶቡስ በዘር መለየት ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ የተሰጠውን ፍርድ አጸና። ለፍርድ ያበቃው ክስ የቀረበው በጥቂት ሴቶች ስም ነው። ከሳሾቹን ብቻ ለቆጠረ ያም ትንሽ ቁጥር ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዷ ሠራተኛ እንዲህ ጻፉ። ስንት ወር ደመወዝ ተይዞባት ነበር? ስንቱ ተመለሰ? ስንት ቀን ፈጀ? ከዚያ በኋላ ሥራዋን አጣች ወይስ ቆየች? አሠሪው በሌሎች ሠራተኞቹ ላይ መልሶ አደረገው ወይስ ተወ? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት። አንድ አሠሪ መክፈል ከጀመረ እናንተ ዘንድ ያልመጡትም ይከፈላቸዋል። ያልተሳኩትን ሦስቱንም አትደብቂያቸው፤ ምን እንዳሰናከላቸው ጻፊ። ጉባኤው ውስጥ መፍትሔውን የሚያውቅ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ካልሰማ ግን አይነሳም።

ጸሐፊዋ

ተመልሻለሁ። ስብሰባው ባለፈው እሑድ ነበር።

በፊት ግን ሌላ ነገር ላውጋችሁ። «ጠይቁ» ያልሽኝን እህቴን ሰምቼ ባለጠባሳ ጣቷ እናት ቤት ሄድኩ። ደብተር አልያዝኩም። አንዲት ክፍል ናት፤ መስኮቷ በካርቶን ተደፍኗል። «እማማ፣ በዚህ ዓመት ምን ተሻለልዎት?» አልኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ቅር ያሰኘኋቸው መስሎኝ ፈራሁ።

ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እናንተ ስትጨምሩልኝ አከራዩም ይጨምራል።»

አልገባኝም ነበር። አስረዱኝ። ቤተ ክርስቲያን እንደምትደጉማቸው አከራዩ ሰምቷል። በዓመት ሁለት ጊዜ ኪራይ ከፍ አድርጓል። በዚያው ግቢ በእኛ መዝገብ ላይ ያሉ አራት ቤተሰቦች እንዳሉ ነገሩኝ። ሁሉም ላይ ጨምሯል። ወደ ቤቴ ስመለስ አራቱን ፈልጌ ደብተሩ ውስጥ አገኘኋቸው። ከእሳቸው ጋር አምስት ሆኑ። የአምስት ቤት ድጎማ፣ ዓመት ሙሉ፣ ወደ አንድ ሰው ኪስ ሲሄድ ነበር። ደብተራችን ይኼን አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ለስብሰባው የጻፍኩትን ሪፖርት ቀድጄ እንደ አዲስ ጻፍኩ። ቆሜ «አምና 214 ያልኳችሁ 31 ቤተሰብ ነው» አልኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ያጨበጨበ የለም። የአምስቱን ቤት ነገር፣ ሰው ሳልጠቅስ፣ ነገርኳቸው። የዘጠኙንም ሠራተኞች በወርና በቀን አስቀመጥኩት። አንደኛዋ ሠራተኛ ራሷ ልናገር ብላ መጥታ ነበር። ደመወዟ ከተመለሰ በኋላ አብረዋት የሚሠሩት አምስት ሴቶችም በሰዓቱ እየተከፈላቸው መሆኑን ተናገረች። «ትተን ብናተኩርስ» ያሉት ሽማግሌ ከወንበራቸው ተነሥተው «እኔ አላወቅሁም ነበር» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ለዓመታት አልነገርኳቸውም።

ገንዘቡን በተመለከተ ከመደበኛው ገቢ ከመቶ አሥር ጠየቅሁ። ስድስት ተፈቀደ፣ ለሁለት ዓመት። ሒሳቡ ለብቻው ተከፍቷል፤ ያለ ሁለት ፊርማ አይወጣም። ሁለተኛው ሙዳይ ለድንገተኛ ችግር ብቻ ይዞራል። የአዳራሹ ኪራይ ነገር በይደር ተይዟል፤ የሕንፃ ኮሚቴው አልወደደውም፣ እኔም እንደገና አነሳዋለሁ። ለውጭው ድርጅት ፎቶ እንደማንሰጥ፣ ለደመወዙም ሥራ ካልሆነ እንደማንቀበል ጽፈናል። መልስ አልመጣም። ካልመጣ አስቤዛው በሦስት ወር ውስጥ እንደሚጠብበን አውቃለሁ፤ ይኼ ያስጨንቀኛል።

ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች ቦታቸውን ለቀቁ። ከመዝገቡ አንድ አባትና እማማ ገብተዋል። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እማማ ያነሡት ነገር የእኛኑ የአስቤዛ ሰልፍ ነው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሰልፍ የለም፤ ሁለት ሁለት ሆነን ቤት ለቤት እናደርሳለን። ከመዝገቡ የጠፉ ሌሎች አራት ቤተሰቦችንም በዚያው እንፈልጋለን።

አምስቱ ተከራዮች ረቡዕ ማታ አከራዩን ሊያነጋግሩ ቀጠሮ ይዘዋል። ከጠበቆቻችን አንዱ አብሮ ይሄዳል። እኔ ልናገርላችሁ ወይ ብዬ ነበር። እማማ «አንቺ ጻፊ፣ እኔ እናገራለሁ» አሉኝ።

አዲስ ደብተር ገዝቻለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአምስቱን ቤት የዛሬ ኪራይ ጽፌያለሁ።